ቀጋ

ቀጋ (ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ) በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ መልካም መዓዛ ያለው ነጭ አበባ የሚያወጣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። የጽጌረዳ ወገን አባል ሲሆን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚገኝ ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ እንደሆነ ይታወቃል። በአገሩ ይበልጥ የሚታወቀው በአጥርነቱና ልጆች ለቅመው በሚበሉት ቀይ ፍሬው ነው፤ ለአበባው ተብሎ በግቢ መትከሉ ግን እምብዛም አልተለመደም። ይህ መጣጥፍ የተክሉን ጸባይ፣ ጥቅሙንና በጓሮ የሚያድግበትን መንገድ ይገልጻል። የአስተዳደጉ ክፍል በወላይታ ዞን፣ በበዴሳና በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ያለውን ሁኔታ መሠረት ያደረገ ነው።

ስያሜና ዝምድና

«አቢሲኒካ» ማለት «የአቢሲኒያ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ሲሆን፣ የዝርያውን መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1820 ያሳተመው እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ ነው። በዓለም ላይ ከ100 በላይ የዱር ጽጌረዳ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚገኙት በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው።

ቀጋ የሚመደብበት የጽጌረዳ አስተኔ በኢትዮጵያ ሌሎች ታዋቂ ተክሎችም አሉት። ኮሶ፣ ጥቁር እንጨትና የዱር እንጆሪ የአገሩ ዘመዶቹ ናቸው። ከውጭ ገብተው ከለመዱት ውስጥ ደግሞ ኮክና ፖም ከዚሁ አስተኔ ይመደባሉ።

የተክሉ ጸባይ

ቀጋ እንደ ቦታው መልኩን ይለዋውጣል። በገላጣ ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ዛፍ ካገኘ ተደግፎ ይወጣል፤ ሳይነካ ሲቀር እስከ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እሾኹ ከሥሩ ሰፊና ወደ ታች የቆለመመ ነው። ይህ ቅርጽ ተክሉ ቅርንጫፎችን ይዞ እንዲንጠላጠል ይረዳዋል። እሾኹ የሚወጣው ከቅርፊቱ ብቻ ስለሆነ በጣት ወደ ጎን ሲገፋ ይላቀቃል።

ቅጠሉ እንደ ላባ የተደረደሩ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 7 ትንንሽ ቅጠሎች አሉት። እያንዳንዷ ትንሽ ቅጠል ጫፏ ሹል፣ ዳርቻዋ እንደ መጋዝ የተከረከመ ነው። አበቦቹ ከ3 እስከ 20 እየሆኑ በቅርንጫፍ ጫፍ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ አበባ 2 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው 5 ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ መልካበቦችና በመካከሉ ብዙ ቢጫ ወንዴዘሮች አሉት።

ፍሬው ሲያድግ አረንጓዴ፣ ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፤ ርዝመቱ እስከ 2 ሴንቲሜትር ይደርሳል። የሚበላው ሥጋ የአበባው መቀመጫ ወፍሮ የፈጠረው ነው። በውስጡ ያሉት ጠጣር ቅንጣቶች ዘሩን የያዙ ሲሆኑ፣ በዙሪያቸው ጥቃቅን ፀጉር አለ።

በሜዳ ላይ ቀጋን ከሌሎች እሾሃማ ተክሎች ለመለየት የሚከተሉት ምልክቶች ይረዳሉ፦

• የዱር እንጆሪ፦ ፍሬው ከብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች የተጣበቀ ነው፤ የቀጋ ፍሬ ግን አንድ ወጥና ልሙጥ ነው።
• አጋም፦ ቅጠሉ ያልተከፋፈለና ጥንድ ጥንድ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ የበሰለ ፍሬው ወደ ጥቁርነት ያደላል። ቀጋ ወተት የለውም።
• የግቢ ጽጌረዳ፦ አበባው ብዙውን ጊዜ የተደራረበ መልካበብ አለው፤ የቀጋ አበባ 5 መልካበብ ብቻ ያለው ገላጣ አበባ ነው።

በብዛት የሚገኝበት መልክዓ ምድር

ቀጋ ከኢትዮጵያ ሌላ በኤርትራ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያ፣ በሱዳን፣ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ከፍታ ቦታዎች ይገኛል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በደን ዳርቻ፣ በቁጥቋጦ መሬትና በእርሻ ድንበር ላይ ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዳርም ይገኛል። ብርሃን ስለሚፈልግ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ሳይሆን ደኑ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይበረታል።

የበዴሳና የአካባቢዋ ሁኔታ

በዴሳ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በምዕራብ ሐረርጌ ካለችው በዴሳ ጋር መምታታት የለባትም። ወረዳው ከሶዶ በስተምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ብላቴ ወንዝ የሚወርድ ስለሆነ፣ ወደ ወንዙ በተጠጉ ቁጥር መሬቱ ዝቅ እያለና እየሞቀ ይሄዳል። ወላይታ ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በላይዋ ያለው የዳሞታ ተራራ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ልዩነት ለቀጋ ወሳኝ ነው። የሶዶ ዙሪያና የዳሞታ ግርጌ ተክሉ ከሚወደው ከፍታ ውስጥ ይገባሉ። በዳሞት ወይዴ ዝቅተኛ ቀበሌዎች ግን ሙቀቱ ስለሚያይል ተክሉ ከተለመደው ከፍታው በታች ሆኖ ነው የሚያድገው። እዚያ መትከል የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ መምረጥ፣ በበጋ ማጠጣትና በመጀመሪያ በጥቂት ችግኞች መሞከር ይጠበቅበታል።

ሌላው ጉዳይ የመሬት ጥበት ነው። ወላይታ በገጠር ሕዝብ ጥግግት ከኢትዮጵያ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። በቤቱ ዙሪያ ያለው፣ በፍግና በቤት ጥራጊ የዳበረው «ዳርኳ» የእንሰት፣ የቡናና የአትክልት ቦታ ነው፤ ከዚያ ራቅ ያለው «ሾቃ» የእህል መሬት ነው። ለመዓዛው ብቻ ተብሎ የሚተከል ቁጥቋጦ ከእነዚህ ቦታ ሊወስድ አይችልም። ቀጋ የሚመቸው አስቀድሞ አጥር በሚቆምበት የድንበር መስመር ላይ መተከል ስለሚችል ነው። በየጊዜው ተቆርጦ የሚታደሰውን የደረቅ እሾህ አጥር ይተካል፤ አበባውና ፍሬው በዚያ ላይ ተጨማሪ ናቸው።

የቅጠል መርገፍና የአገሩ ወቅት

በአውሮፓና በእስያ ቀዝቃዛ አካባቢዎች የሚበቅሉ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በክረምታቸው ብርድ ቅጠላቸውን ሙሉ በሙሉ ያረግፋሉ፤ በጸደይ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። በእነዚያ አገሮች የሚዘጋጁ የአትክልት መመሪያዎች «በክረምት መጨረሻ ይገረዝ» ሲሉ ተክሉ ቅጠል አልባ ሆኖ ያንቀላፋበትን ጊዜ ማለታቸው ነው።

ቀጋ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያለው ተክል ነው። በወላይታ የተክሉን ዕረፍት የሚወስነው ብርድ ሳይሆን ድርቅ ነው። በረጅም በጋ ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን በከፊል ሊያረግፍ ይችላል፤ ይህ በራሱ የመሞት ምልክት አይደለም። ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫር ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ቅርንጫፉ ሕያው ነው።

«ክረምት» የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ ያሳስታል። የአውሮፓ ክረምት የብርድና የዕንቅልፍ ጊዜ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ክረምት የዝናብና የእድገት ጊዜ ነው። የውጭ መመሪያ ቃል በቃል ተወስዶ ተክሉ በነሐሴ ዝናብ መካከል ቢቆረጥ፣ ቁስሉ በእርጥበት ለሻጋታ ይጋለጣል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል በአካባቢው ዝናብ መመራት አለበት። በወላይታ የበልግ ዝናብ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል።

አስተዳደግ

ከቁራጭ ማባዛት

ለጓሮ ቀላሉ መንገድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ነው። ከቁራጭ የሚገኝ ተክል ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ አበባው ጥሩ መዓዛ ያለውንና ፍሬው የበዛውን ተክል አስቀድሞ መምረጥ ይቻላል።

1. በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያልለመለመ ግን ያላረጀ ጤነኛ ቅርንጫፍ ይመረጣል።
2. ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርዝመትና 3 ወይም 4 አንጓ እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጣል። የታችኛው ቁርጥ ከአንጓ ሥር ይሁን፤ ሥር የሚወጣው በብዛት ከዚያ ነው።
3. የታችኞቹ ቅጠሎችና እሾሆች ይነሣሉ፤ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ይቀራል።
4. አሸዋ፣ የደን አፈርና የበሰለ ብስባሽ በተቀላቀለበት የችግኝ ከረጢት ውስጥ ግማሹ ወይም ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል። ከረጢቱ ከሥሩ ውሃ ማንጠፈፊያ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።
5. በሣር ወይም በእንሰት ቅጠል ጥላ ይሠራለታል። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቀይ።

ሥር ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። አዲስ ቅጠል መታየቱ ብቻ ሥር መያዙን አያረጋግጥም፤ ቁራጩ በውስጡ ባከማቸው ምግብም ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቀስ ብሎ ሲሳብ የሚይዝ ከሆነ ሥር አውጥቷል። ሁሉም ቁራጭ ስለማይጸድቅ ከሚፈለገው ቁጥር በላይ ማዘጋጀት ይገባል።

በመቅበርና በዘር ማባዛት

ተክሉ አጠገብ ካለ ከመሬት የቀረበ ረጅም ቅርንጫፍ ጎንበስ ተደርጎ መካከሉ በአፈር ይቀበርና ድንጋይ ይጫነዋል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይቀራል። ከእናቱ እየተመገበ ሥር ስለሚያወጣ የመድረቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሥር ከያዘ በኋላ ተቆርጦ ይነሣል።

በዘር ለማባዛት በደንብ የቀላ ፍሬ ይለቀማል፤ በውሃ ተነክሮ ይታሻል፤ ዘሩ ከሥጋውና ከፀጉሩ ተለይቶ በመደብ ላይ በስሱ ይዘራል። የጽጌረዳ ዘር ጠንካራ ሽፋን ስላለው አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ይበቅላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አልበቀለም ተብሎ መደቡ መገልበጥ የለበትም።

ቦታና አተካከል

ቀጋ ቢያንስ ለግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይፈልጋል። የወላይታ ቀይ ሸክላማ አፈር ጥልቅ ቢሆንም በብዙ ቦታ አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ ስለዚህ በጉድጓዱ ውስጥ ብስባሽ ማግባት ይጠቅማል። በጥቂቱ የእንጨት አመድ መጨመርም አሲዳማነቱን ይቀንሳል።

ጉድጓዱ ወደ ጎንም ወደ ታችም ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ይቆፈራል። ለአጥር ሲሆን በችግኞቹ መካከል ከ50 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይተዋል። ለብቻው እንደ አበባ ተክል ሲተከል ከመንገድ፣ ከደጃፍና ከልጆች መጫወቻ 2 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ምሳሌ ለቀጋም ይሠራል፤ ከእንሰትና ከሙዝ አጠገብ ከተተከለ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሰፊውን ቅጠላቸውን ይቀድዳል። ከባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ራሱ ቀጋው ውሃ አጥቶ ይቀጭጫል።

መትከያው ጊዜ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ነው። ተክሉ የሚፈተነው በመጀመሪያው በጋ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አፈሩን በጥልቀት የሚያርስ ውሃ ይሰጠዋል፤ ሥሩም በደረቅ ሣር ይሸፈናል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ስለሚያስቀር አይመከርም።

መግረዝ

ቀጋ በአብዛኛው የሚያብበው ቀደም ብሎ ባደገ ቅርንጫፍ ላይ በሚወጡ አጫጭር የጎን ቅርንጫፎች ነው። አጥሩ «እንዲያምር» ተብሎ አበባ ከመውጣቱ በፊት እኩል ከተከረከመ አበባውም ፍሬውም አብሮ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ አልፎበትም የማያብብ የቀጋ አጥር ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መቼ እንደተገረዘ ነው።

ለአበባ ብቻ የሚፈለግ ተክል አበባው እንዳለቀ፣ ለፍሬም የሚፈለግ ፍሬው እንደተለቀመ ይገረዛል። በሁለቱም ሁኔታ ዝናብ የሌለበት ቀን ይመረጣል። በየዓመቱ የደረቁትንና እርስ በርስ የሚፋተጉትን፣ እንዲሁም ካረጁት ግንዶች ጥቂቱን ከሥር መቁረጥ በቂ ነው። በአጥር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጫፉን መቁረጥ ከታች እንዲጠቅጥቅ ያደርገዋል፤ ካልሆነ ከላይ ለምልሞ ከሥሩ ዶሮ የሚያሳልፍ ይሆናል።

ተባይና በሽታ

በለጋ ቅጠልና በእምቡጥ ላይ ክሽክሽ ሊወርድ ይችላል። በውሃ ግፊት ማጠብ ወይም በሳሙና ውሃ መርጨት ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል። በቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ወይም ከቅጠሉ ሥር እንደ ዋግ ያለ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከታየ፣ የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይቃጠላል፤ ነፋስ እንዲገባም ቅርንጫፉ ይሳሳል። ለንቦች ሲባል ፀረ ተባይ ኬሚካል ባበበ ተክል ላይ መረጨት የለበትም።

የዓመቱ ሥራ በአጭሩ

• ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት፦ ቁራጭ መቁረጥና በከረጢት መትከል
• ከሚያዝያ እስከ ግንቦት፦ ችግኝ መንከባከብ፣ ጉድጓድ ማዘጋጀት
• ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፦ ወደ ቦታው ማዛወር
• ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፦ ማረምና መኮትኮት
• ከኅዳር እስከ የካቲት፦ ማጠጣት፣ በሣር መሸፈን

በሚያዝያ የዘገየ ወይም በሐምሌ ገና ቀጭን የሆነ ችግኝ እስከ ቀጣዩ ክረምት በከረጢት ቢቆይ ይሻላል።

የተክሉ ጥቅም

አጥር። የቆለመመው እሾኹ ከብት እንዳይገባ ይከላከላል፤ የሚገረዘው እንጨትም ለማገዶ ይሆናል።

ምግብ። የበሰለው ፍሬ ጥሬውን ይበላል። የጽጌረዳ ፍሬዎች በቫይታሚን ሲ የበለጸጉ ናቸው፤ ረጅም ጊዜ መቀቀል ግን ይህን ይቀንሳል። በዘሩ ዙሪያ ያለው ፀጉር አፍንና ጉሮሮን ስለሚያሳክክ ፍሬው ተሰንጥቆ ውስጡ ይጠረጋል፤ የሚበላው ሥጋው ብቻ ነው።

ንብ። የጽጌረዳ አበባ ከማር ወለላ ይልቅ ለንቦች ብዙ የአበባ ዱቄት ይሰጣል፤ ንቦች እጮቻቸውን የሚያሳድጉት በዚህ ነው። የተደራረበ መልካበብ ካላቸው የግቢ ጽጌረዳዎች ይልቅ እንደ ቀጋ ያለው ገላጣ አበባ ለንብ ይመቻል።

መድኃኒት። በባህላዊ ሕክምና ፍሬው በተለይ ለኮሶ ትል ይወሰዳል። መጠኑ በሕክምና የተወሰነ ስላልሆነ፣ ትል ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱ ይመረጣል።

መዓዛ። እንደ ሌሎች ጽጌረዳዎች ሁሉ መዓዛው በማለዳ ይበረታል፤ ፀሐይ ሲከር ይቀንሳል። ለመዓዛው የሚተከል ሰው ከነፋስ በተከለለ ጥግ ቢተክለው የበለጠ ያሸታል።

ቀጋና የሽያጭ ጽጌረዳ

ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ሁለተኛዋ የጽጌረዳ ላኪ አገር ናት። እርሻዎቹ በብዛት የሚገኙት በባቱ (ዝዋይ)፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ ዙሪያ ሲሆን፣ የሚያመርቱት በውጭ አገር የተዳቀሉ ዝርያዎችን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። እነዚህ አበቦች የሚመረጡት በግንዳቸው ርዝመት፣ በቀለማቸውና ከተቆረጡ በኋላ ብዙ ቀን በመቆየታቸው ነው፤ በዚህ የምርጫ ሂደት ብዙዎቹ መዓዛቸው ቀንሷል። ቀጋ በተቃራኒው መልካበቡ ቶሎ ስለሚረግፍ ለአበባ ገበያ አይሆንም። ጥቅሙ በቆመበት ነው፦ በአካባቢው ዝናብ ያድጋል፣ በመዓዛው ግቢውን ያውዳል፣ ፍሬ ይሰጣል፣ ድንበር ይጠብቃል።

ከዱር ሲወሰድ

የቀጋ ችግኝ ለሽያጭ እንደ ባሕር ዛፍና እንደ ግራቪሊያ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ መነሻው ብዙውን ጊዜ የዱር ተክል ነው። ትልቁን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ማምጣት ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ሥሩ ስለሚቆረጥ ብዙውን ጊዜ ይደርቃል፣ ተዳፋቱም አፈር የሚይዝለትን ቁጥቋጦ ያጣል። ከአንድ ተክል ጥቂት ቁራጭ መውሰድ እናቱን ሳይጎዳ ለአጥር መጀመሪያ የሚሆን ያስገኛል።

ፈቃድ መጠየቅም ያስፈልጋል። በወላይታ ዞን በሁምቦ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረ ፕሮጀክት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ከልቅ ግጦሽና ከምሳር ተከልሏል፤ በአፈር ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች አቆጥቁጠው በገበሬዎች እየተገረዙ መሬቱ እንደገና ደን ለብሷል። ደኑን የሚያስተዳድሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። በእንዲህ ያለ በተከለለ መሬት ቅርንጫፍ መቁረጥ የሚቻለው ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በግቢ የጸደቀ ቀጋ ግን በየዓመቱ ከሚገረዘው ቅርንጫፉ ለጎረቤትም የሚተርፍ ቁራጭ ይሰጣል።